ምንጫችሁን አፈር እንዳያንቀው

ወገኖቼ ገበሬዎች፣ ይህን ጽሑፍ ለማንበብ ስትቀመጡ አንድ ጣሳ ባቄላ፣ አንድ ጣሳ ስንዴ፣ አንድ እፍኝ ጤፍና አንድ ትልቅ ብርጭቆ አጠገባችሁ አድርጉ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስታነቡ ትደርሱበታላችሁ። እህሉ አይባክንም፤ ተነፍቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ነገሩ የተጀመረው ከትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤት ስላችሁ ትልቅ ሕንፃ እንዳይመስላችሁ። በጉለሌ ዳገት፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለች አንዲት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ናት። እኔ ለመሠረተ ትምህርት ዘምቼ እዚያ ፊደል አስቆጥራለሁ። ተማሪዎቼ ቀን ሲቆፍሩ፣ ጎመንና ድንች ሲኮተኩቱ፣ ከብት ሲጠብቁ ውለው ማታ ማታ ይመጣሉ። ታዲያ በጥር ወር ሴቶቹ መቅረት ጀመሩ። መጀመሪያ ሁለት፣ ቀጥሎ አምስት ቀሩ። ፊደሉን ጨርሰው ቃል ማንበብ የጀመሩ ሰዎች ነበሩና አንጀቴ አረረ። ስንፍና መሰለኝ። አንድ ማታ ተናድጄ ስለ መቅረት ንግግር ጀመርኩ። አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው አቋረጡኝ።

“ልጄ፣ ምንጩ እኮ ቆሟል። አሁን ከወንዝ ነው የምንቀዳው። ጀሪካኑን አዝዬ ዳገቱን እስክወጣ ይመሻል። ከዚያ ደግሞ እራት አለ። የሚያስቀረን ውሃው ነው እንጂ ስንፍና አይደለም።”

አፈርኩ። ወንዙ ደግሞ የከተማ ወንዝ ነው፤ ከላይ ምን ምን እንደሚደፋበት ታውቃላችሁ። ያንን ውሃ ነው ለልጆች የሚያጠጡት። በማግስቱ ምንጩን ለማየት ሄድኩ።

እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው። ክረምት የዘነበው ዝናብ በተሰነጠቀው ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ውሃ የማያሳልፍ ጠንካራ ንጣፍ ሲያገኝ ወደ ጎን ይሄድና በዳገቱ ወገብ ላይ ዓይን አውጥቶ ይፈልቃል። በኦሮምኛ ቡርቃ የምንለው ይህንኑ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የስዊስ አገሩ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከዚሁ ተራራ ግርጌ ውሃ በቱቦ ስቦ ወደ ቤተ መንግሥቱ አግብቶ ነበር። ስለዚህ የጉለሌ ምንጭ ከጥንት የታወቀ ነው። የኛው ምንጭ ግን ያለ ቱቦ የኖረ፣ ሰውም ከብትም የሚረግጠው ምንጭ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የማህበሩ አባላት በጉልበታቸው አጎለበቱት። በዓይኑ ላይ በድንጋይና በሲሚንቶ ሳጥን ሠሩለት፤ ቧንቧ ገጠሙለት።

በመጀመሪያው በጋ ውሃው እንደ መስተዋት ጠርቶ ወረደ። ሐምሌ ሲገባ ቀላ። “ክረምት ነው፣ ይጠራል” ተባለ። አልጠራም። በመስከረም ቀጠነ። በኅዳር ጀሪካን ለመሙላት ተራው እስከ ቀትር ይደርስ ጀመር። በጥር ጠብ ጠብ ብሎ ቆመ።

በዚህ መሐል ሌላ ጉድ መጣ። ከሳጥኑ በላይ ያለው ሣራማ ቦታ ላይ የአንድ ተማሪዬ ላም ስትግጥ መሬቱ ከእግሯ ሥር ተደረመሰ። የፊት እግሯ ተሰበረ። የምትታለብ ላም ነበረች፤ ታረደች። ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስል መሬት ከሥሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሰጠ። አንዱ “ባሕር ዛፉ ጠጥቶት ነው” አለ። ሌላው “ውሃው ቦታውን ጠልቶ ሄዷል” አለ። ከተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አባባ ግን ጆሯቸውን ከሳጥኑ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ቆዩና፣ “አልደረቀም። ከኋላ ይሰማኛል። ታንቋል እንጂ” አሉ።

ቆፈርን።

አባባ ልክ ነበሩ። ከሳጥኑ ግድግዳ ጀርባ የተሞላው ድንጋይ የሰው ጭንቅላት የሚያካክል ትልልቅ ድንጋይ ብቻ ነበር። በድንጋዩና በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በቀይ ጭቃ ተጠቅጥቆ እንደ ተመረገ ግድግዳ ሆኗል። ከድንጋዩ በስተላይ ደግሞ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ዋሻ ተፈጥሯል። ያ ዋሻ ድሮ አፈር ነበር። ውሃው አፈሩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሸረሸረ በድንጋዩ ክፍተት ውስጥ አሳልፎ ወደ ሳጥኑና ወደ ቧንቧው አወረደው። በሐምሌ ውሃው የቀላው ለዚህ ነው። የላሟን እግር የሰበረው በጀሪካን ተቀድቶ የሄደው አፈር ነው።

ምንጩን የሠሩት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ድንጋዩን ከሩቅ ተሸክመው ነው ያመጡት። ጉድለቱ አንድ ነው፤ በአፈሩና በድንጋዩ መካከል ማጣሪያ አልነበረም።

አሁን እህሉን አምጡ

ብርጭቆውን እስከ ግማሹ በባቄላ ሙሉት። በላዩ ላይ ጤፉን አፍስሱና ብርጭቆውን ቀስ ብላችሁ ወዝውዙ። ጤፉ የት ሄደ? በባቄላው መካከል ሾልኮ ከታች ተጠራቀመ። አሁን ባቄላው ድንጋይ ነው፣ ጤፉ አፈር ነው እንበል። የኛ ምንጭ የሆነው ልክ ይኸው ነው።

ሁሉንም አውጡና ለዩ። እንደገና ባቄላ ሙሉ። በባቄላው ላይ አራት ጣት ያህል ስንዴ አፍስሱ። ስንዴው ጥቂት ወረድ ይልና በባቄላው ላይ ይቆማል፤ አያልፍም። አሁን ጤፉን በስንዴው ላይ አፍስሱ። ጥቂት ጤፍ ሾልኮ ይሆናል፤ የቀረው ግን በስንዴው ላይ ይቆማል። ጤፉን ስንዴው ያዘው፣ ስንዴውን ባቄላው ያዘው። ውሃ ብታፈሱበት ግን በሁሉም መካከል ያልፋል።

ማጣሪያ ማለት ይህ ነው። ጠላ ስታጠልሉ የምታውቁትን ነገር ነው መሬት ውስጥ የምንሠራው። ውሃውን ልቀቀው፣ አተላውን ያዘው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? እኩል የሆኑ ድቡልቡል ነገሮች ተጠጋግተው ሲቀመጡ በመካከላቸው ሾልኮ ሊያልፍ የሚችለው የራሳቸውን ስፋት ስድስት አንድ ያህል የሆነ ነገር ብቻ ነው። ባቄላ ወደ 10 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ስድስት አንዱ ከአንድ ተኩል ሚሊሜትር ብዙ አይበልጥም። የጤፍ ፍሬ ውፍረቷ 1 ሚሊሜትር እንኳ ስለማይሞላ ታልፋለች። ስንዴ ግን ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ በባቄላው መካከል ማለፍ አይችልም፤ በስንዴዎቹ መካከል ያለው ቀዳዳ ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ጤፏ ተያዘች። ሚሊሜትር ምን ያህል እንደሆነ የረሳችሁ ከማስመሪያው ላይ ያሉትን ትንንሾቹን መስመሮች እዩ።

ይህንን ነገር በሒሳብ ያስቀመጠው ካርል ተርዛጊ የሚባል መሐንዲስ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1883 በፕራግ ከተማ ተወለደ፤ በኢስታንቡል ሲያስተምር ስለ አፈር ብዙ ፈተነ፤ በ1925 ስለ አፈር ጠባይ መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ በዓለም ላይ የአፈር ግድብ የሚሠሩ ሁሉ ማጣሪያ ሲመርጡ የሚነሡት ከእሱ ደንብ ነው። ደንቡ ሁለት ነገር ብቻ ይላል። ማባዛት የተማራችሁ ሁሉ ትችሉታላችሁ።

አንድ ክምር አሸዋ 100 ጣሳ ነው እንበል። ከጥቃቅኑ ጀምራችሁ በወንፊት እየለያችሁ በተርታ ብትደረድሩት፣ በ15ኛው ጣሳ ላይ ያለውን ትልቁን ፍሬ ያዙ። እሱን “የደቃቁ ድንበር” እንበለው። በ85ኛው ጣሳ ላይ ያለውን ትልቁን ፍሬ ደግሞ “የሻካራው ድንበር” እንበለው። ለአፈሩም እንደዚሁ ሁለት ድንበር አለው።

የመጀመሪያው ደንብ፦ የማጣሪያው የደቃቅ ድንበር ከአፈሩ የሻካራ ድንበር 4 እጥፍ አይብለጥ። ከበለጠ አፈሩ ይሾልካል።

ሁለተኛው ደንብ፦ የማጣሪያው የደቃቅ ድንበር ከአፈሩ የደቃቅ ድንበር 4 እጥፍ አይነስ። ካነሰ ውሃው ይታፈናል።

እስቲ እናስላው። አፈራችሁ አሸዋማ ነው እንበል። የሻካራው ድንበር ግማሽ ሚሊሜትር፣ የደቃቁ ድንበር የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ግማሽ ሲባዛ በ4፣ 2 ሚሊሜትር ይሆናል። አንድ አሥረኛ ሲባዛ በ4፣ አራት አሥረኛ ይሆናል። እንግዲህ የማጣሪያችሁ የደቃቅ ድንበር በአራት አሥረኛና በ2 ሚሊሜትር መካከል መዋል አለበት። ይህ ሻካራ አሸዋ ነው። ቀጥሎ ደግሞ አሸዋውን ራሱን እንደ አፈር ቁጠሩትና ከጀርባው ለሚሆነው ጠጠር እንደገና አስሉ። የአሸዋው የሻካራ ድንበር 3 ሚሊሜትር ከሆነ የጠጠሩ የደቃቅ ድንበር ከ12 ሚሊሜትር አይበልጥም። እንዲህ እያላችሁ እስከ ቧንቧው ትደርሳላችሁ። የቧንቧው ቀዳዳ ከጠጠሩ ግማሽ ያነሰ ይሁን።

ሁሉም የአፈር ፍሬ በማጣሪያው ቀዳዳ መያዝ የለበትም። ሻካራው ከተያዘ ይበቃል። ሻካራው በር ላይ ይቆማል፣ መካከለኛው ከሻካራው ኋላ ይቆማል፣ ደቃቁ ከመካከለኛው ኋላ ይቆማል። ስለዚህ አዲስ ማጣሪያ መጀመሪያ ጥቂት ደፍረስ ያለ ውሃ ቢያወርድ አትደንግጡ። ከዚያ ካልጠራ ግን ደንግጡ።

“የኛ የጉለሌ አፈር ቀይ ሸክላ ነው፤ ፍሬው በዓይን አይታይም፤ ታዲያ በምን እንለካዋለን?” የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔንም ያስጨነቀኝ እሱ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ጄምስ ሼራርድ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር ብዙ ዓይነት ሸክላ አፈር ፈተነ። ሸክላውን ቀዳዳ አበጅቶለት በኃይለኛ ውሃ ሲያጥበው፣ ከሥሩ ተስማሚ አሸዋ ካለ የታጠበው ሸክላ አሸዋው ላይ ደርሶ ቀዳዳውን ራሱ ይዘጋዋል፤ ሽርሸራውም ይቆማል። ስለዚህ ለሸክላ አፈር ንጹሕ ደቃቅና መካከለኛ አሸዋ የተቀላቀለበት ይበቃል። ጠጠርን በቀጥታ በሸክላ ላይ ማስቀመጥ ነው ጥፋቱ።

እኔ ያጠፋሁት

ምንጩን እንደገና ስንሠራ አንድ ሳምንት ፈጀብን። አሸዋ በጉለሌ እንደ ልብ አይገኝም። የአዲስ አበባ ግንበኛ የሚጠቀመው አሸዋ ብዙው ከሞጆ በኩል በመኪና የሚመጣ ነው፤ ውድ ነው። ታዲያ አንድ ቤት ሲሠራ የተረፈ የአሸዋ ክምር አየሁና ለምኜ በነፃ አገኘሁ። ደስ አለኝ። ተሸክመን ወሰድን። አባባ አንድ ጊዜ በእጃቸው አሽተው “ይሄ አሸዋ አፈር አፈር ይላል” አሉኝ። እኔ ግን ተማሪ ነኝ ባይ ስለሆንኩ “ግድ የለም አባባ፣ ደንቡን አንብቤዋለሁ” አልኳቸው።

ሠራነው፤ ደፈንነው። ውሃው ጠራ፤ ነገር ግን 20 ሊትሩ ጀሪካን ለመሙላት አራት ደቂቃ ፈጀ። በሁለተኛው ቀን ከሳጥኑ በስተቀኝ፣ ምንም ባልነበረበት ቦታ፣ ሣሩ እርጥብ ሆነ። በሦስተኛው ቀን እዚያ ውሃ ይፈልቅ ጀመር። ምንጩ በኛ በር መውጣት ቢከለከል ሌላ በር ከፈተ። ሁለተኛውን ደንብ ነበር የጣስኩት። ከጭቃ ጋር የተቀላቀለ አሸዋ ማጣሪያ ሳይሆን ግድግዳ ነው።

እንደገና ቆፈርን። ያን ቀን አባባ ምንም አላሉኝም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

አሸዋውን በቆርቆሮ ላይ እያደረግን በወንዝ ዳር አጠብነው። አስተጣጠቡ ቀላል ነው፤ ውሃ እያፈሰሱ ማማሰልና የደፈረሰውን መድፋት፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ። ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው የአባባ መንገድ ነው፤ እርጥቡን አሸዋ በመዳፍ አሹ፤ መዳፋችሁ ጭቃ ከለበሰ ገና ነው። ሁለተኛው በጠርሙስ ነው። የጠርሙሱን ሲሶ አሸዋ አድርጉ፣ ውሃ ሙሉ፣ ናጡት፣ እስኪዘቅጥ ድረስ ጠብቁ። አሸዋው ከታች፣ ጭቃው በላዩ ይተኛል። የጭቃው ውፍረት ከአሸዋው ሃያ አንድ ከበለጠ እንደገና እጠቡ። ሦስተኛውን እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ ልጆችም ይወዱታል። እርጥቡን አሸዋ በስኒ ጠቅጥቁና በሳህን ላይ ገልብጡት። እንደ ትንሽ ጉልላት ይቆማል። አሁን ሳህኑን ቀስ ብላችሁ ውሃ ሙሉ። ጉልላቱ ቶሎ ከፈረሰ አሸዋው ጥሩ ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ሸክላ አለበት ማለት ነው። እንዲህ ያለ አሸዋ መሬት ውስጥ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ አፈሩም በዚያ ይሾልካል። ጥሩ ማጣሪያ ሲሰነጠቅ ተንዶ ራሱን የሚደፍን ነው።

ሁለተኛው ሥራ እንዲህ ነበር። ከአፈሩ ጎን አንድ ስንዝር የታጠበ አሸዋ፤ ቀጥሎ አንድ ስንዝር ደቃቅ ጠጠር፤ ቀጥሎ ሻካራ ጠጠር፤ ከዚያ የሳጥኑ ግድግዳ ከነቀዳዳዎቹ። አሸዋውና ጠጠሩ እንዳይቀላቀሉ በመካከላቸው ቆርቆሮ አቁመን ሁለቱን ወገን ሞላንና ቆርቆሮውን ቀስ ብለን ወደ ላይ መዘዝነው። ይህን ብልሃት ያመጣችው ተማሪ በጥር መቅረት የጀመረች የስድስት ልጆች እናት ናት። ዋሻውን ባዶውን አልተውነውም፤ እስከ ጥጉ ድረስ በአሸዋ ሞላነው።

ስትቆፍሩ ተጠንቀቁ። ውሃ የጠጣ አፈር ሳይታሰብ ይናዳል። ከሰው ወገብ የጠለቀ ጉድጓድ ከሆነ ጎኑን በእንጨት ደግፉ፤ ልጅ አታስገቡ፤ ብቻችሁን አትግቡ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የቧንቧው አፍ ከምንጩ ዓይን ዝቅ ይበል። ብዙ ሰው ውሃ ለማጠራቀም ሲል ግድግዳውን ያስረዝምና ውሃው ከዓይኑ በላይ እንዲወጣ ያደርጋል። ምንጭ መገፋት አይወድም፤ እንደኛው ምንጭ በጎን ይሄዳል። ማጠራቀም ከፈለጋችሁ ሌላ ጋን ከታች ሥሩለት። ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳም ይኑረው።

በጠጠሩ ላይ ሸክላ አፈር ደልድለን ረገጥነው። ውሃ የማያሳልፍ አፈር የት እንደሚገኝ ለማወቅ የቀጨኔን ሸክላ ሠሪዎች ጠይቁ፤ በአገሩ ላይ ስለ ሸክላ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የክረምት ጎርፍ ከላይ ሰርጎ እንዳይገባ የሚከለክለው ይህ ክዳን ነው። ከምንጩ በላይ አሥር እርምጃ ያህል ርቀን ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፈርን፤ አጥር አጠርን። ሽንት ቤት ከምንጩ በላይ አይቆፈርም። ባሕር ዛፍም ከምንጩ ዓይን አጠገብ አይተከል። ውሃውን መጠጣቱ ብቻ አይደለም፤ ሥሩ እርጥበት እየፈለገ በጠጠሩ ውስጥ ይገባና እንደ ጭቃው ያንቀዋል።

ይህ ማጣሪያ አፈር ይይዛል እንጂ በሽታ አይገድልም። የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ለሕፃናት የሚሆነውን አፍልታችሁ ወይም ክሎሪን ጨምራችሁ አጠጡ።

ቧንቧውን በጆንያ ለመጠቅለል ያሰበም አለ። የቃጫው ጆንያ ይበሰብሳል። የማዳበሪያው ጆንያ ደግሞ ወይ ይቀደዳል ወይ በሸክላ ይደፈናል። በእርግጥ ለዚህ ሥራ ተብሎ በፋብሪካ የሚሠራ ጨርቅ አለ፤ በመንገድና በግድብ ሥራ ላይ ይውላል። የእሱም ምሥጢር ልክ እንደ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ድርና ማግ ነው፤ ጥብቀቱና ልቀቱ ከአፈሩ ጋር መስማማት አለበት። ያ ከሌለ የታጠበ አሸዋ ይሻላል፤ አሸዋ አይበሰብስም።

ትንሽ ቀዳዳ፣ ትልቅ ግድብ

የአንድ ቀበሌ ምንጭ ጉዳይ ብቻ መስሏችሁ እንዳትንቁት። በአሜሪካ፣ አይዳሆ በሚባል ክፍለ ሀገር፣ ቲተን የሚባል 93 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ተሠርቶ ነበር። ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ እየሞላ ሳለ፣ ግንቦት 28 ቀን 1968 ዓ.ም. ጠዋት በግድቡ ጎን ጭቃማ ውሃ ሲፈልቅ ታየ። ቡልዶዘሮች ቀዳዳውን ሊደፍኑ ሄዱ፤ ቀዳዳው ቡልዶዘሮቹን ዋጣቸው፤ ነጂዎቹ ለጥቂት አመለጡ። ከቀትር በፊት ግድቡ ተበጠሰ። ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ከብቶች አለቁ። ሲመረመር ደቃቅ አፈር ከተሰነጠቀ አለት ጋር በቀጥታ ተገናኝቶ ነበር፤ በመካከላቸው አፈሩን የሚይዝ ማጣሪያ አልነበረም። ባቄላና ጤፍ ማለት ነው።

ይኸው ደንብ ለካብም ይሠራል። በጉለሌ ዳገት የቤትና የእርሻ ካብ በነሐሴ ሲናድ አይታችኋል። ብዙ ጊዜ የሚጥለው አፈሩ ሳይሆን ከኋላው የታሰረው ውሃ ነው። በካቡ ግርጌ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ተዉ፤ ከቀዳዳው ጀርባ ጠጠር፣ ከጠጠሩ ጀርባ አሸዋ አድርጉ።

ረግረግ ማሳን ለማድረቅ ቦይ ቆፍራችሁ ድንጋይ የምትቀብሩም እንደዚሁ አሸዋውን አትርሱ። ነገር ግን መሬታችሁ መረሬ ከሆነ በዚህ አትድከሙ። ጥቁር አፈር ሲርስ አብጦ ይዘጋል፤ ውሃው ወደ ተቀበረው ማጣሪያ አይወርድም። ለመረሬ የሚሻለው ውሃውን ከላይ ማፍሰስ ነው። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ሰፋፊ መደብና ቦይ በእጃቸው እየሠሩ ይዘሩበታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ ሠርቶ ነበር። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍላችኋለሁ።

ወደ ምንጫችን ልመለስ። በየካቲት መጀመሪያ የደፈንነው ምንጭ የመጀመሪያውን ቀን ደፍረስ ያለ ውሃ አወረደ። በሁለተኛው ቀን ጠራ። በስተቀኝ የፈለቀው ውሃ በሳምንቱ ደረቀ። ያቺ ንግግሬን ያቋረጡኝ እናት አሁን የምንጩ ኃላፊ ናቸው። በየሳምንቱ እሑድ ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር አድርገው የልጃቸውን ሰዓት ይዘው ይቆጥራሉ። ውሃውን በነጭ ብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃን ያነሣሉ። ከቀላ ወይም ቁጥሩ ከጨመረ ለማህበሩ ይነግራሉ፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በየሦስት ቀኑ እንዲያዩት ተስማምተናል። ቁጥሩን የሚጽፉት በትምህርት ቤታችን በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። ፊደላቸው ትንሽ ይዘማል፤ ይነበባል ግን። ትናንት ማታ ስገባ የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦

“እሑድ። 20 ሊትር። 58 ሰከንድ። ጥሩ ውሃ።”